በሰው ጫማ ለምትፈርዱ የባሕር ዳር ወንዶች

ወንድሞቼ፣ የባሕር ዳር ወንዶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከልብ አዝኜ ነው። አመሻሽ ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል በጣና ዳር ለሽርሽር የሚወጣውን ወጣት ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ጓደኛ ከጓደኛ ሲገናኝ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ፊት ላይ ሳይሆን እግር ላይ እንደ ሆነ ይታዘባል። ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ «ኦርጅናል ነው ወይስ ፌክ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተጠያቂውም ጫማው በስንት እንደ ተገዛ፣ ከማን እንደ ተገዛ፣ ከየት አገር እንደ መጣ በሰው ፊት ሲያስረዳ ይቆማል። አንድ ጎልማሳ ሰው ስለ ጫማው ምስክር እንዲቆጥር መገደዱ ነውር ነው፤ ነውሩም የተጠያቂው ሳይሆን የጠያቂው ነው።

ጫማውን ራሱን አልነቅፍም። የድሮ ሞዴል ስኒከር፣ ጠፍጣፋ ሶል ያለው፣ ጎኑ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ያረፈበት፣ ከጂንስም ከጨርቅ ሱሪም ጋር የሚሄድ ጫማ፣ ለወንድ ልጅ የሚያምር አለባበስ ነው። ማማሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እነዚህ ጫማዎች መጀመሪያ የተሠሩት ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ስለ ነበር ትርፍ ነገር የለባቸውም። ዛሬ በየካፌው የምናየው አዲዳስ ሳምባ በ1950 ገደማ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ውርጭ ባጠጠረው ሜዳ ላይ እንዳያዳልጣቸው ታስቦ የተሠራ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኮንቨርስ ኦል ስታር ከ1917 ጀምሮ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የሸራ ጫማ ነበር፤ ናይኪ ኮርቴዝም በ1972 ለሯጮች ቀረበ። ተጫዋቹና ሯጩ ጫማውን የመረጡት እግራቸውን ስለ ያዘላቸው ነው፤ መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ምልክቱ የመረመራቸው ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ ጫማዎች አንዱ ደግሞ ለእኛ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀርበናል። ኦኒትሱካ ታይገር የሚባለውን ጫማ መሥራት የጀመረው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ በ1949 በኮቤ ከተማ ያቋቋመው ድርጅት በ1977 አሲክስ የሚለውን ስም ያዘ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ካስደነቀ በኋላ፣ በ1961 ለማራቶን ውድድር ወደ ኦሳካ በሄደ ጊዜ ይህ ጫማ ሠሪ ራሱ ሄዶ አግኝቶት የእርሱን ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ አግባባው፤ አበበም ተጫምቶት ሮጠ፣ አሸነፈም። ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት። ለማኙ ጫማ ሠሪው ነበር፤ የሚከበረው እግሩ ነበር፤ ጫማው በሰውዬው ይኮራ ነበር እንጂ ሰውዬው በጫማው አልኮራም። የዚያ ሰው አገር ልጆች የሆንን እኛ ዛሬ ነገሩን ገልብጠን ሰውን በጫማው ምልክት ስንመዝን መገኘታችን ያሳፍራል።

ይህ የመንገድ ላይ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ሰውን ይጎዳል። ባለፈው ጥር በሰፈራችን በተደረገ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ሁሉ በጥቁር ሱፍ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ስኒከር እንዲያደርጉ ተወስኖ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሥራ ከጀመረ ብዙ ያልቆየ መምህር ነው፤ የተባለውን ጫማ በተባለው ዋጋ መግዛት ስላልቻለ ከቅዳሜ ገበያ የሚመስለውን ፈልጎ፣ አጽድቶ፣ አዲስ ማሰሪያ አስገብቶለት መጣ። በመልበሻው ክፍል ውስጥ አንዱ ጓደኛው ጫማውን አነሣና ምላሱን ገልብጦ ጽሑፉን አነበበ፤ የሶሉን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀና «ይሄ ፌክ ነው፤ በቪዲዮ ያስታውቃል» አለ። የሳቀም ነበር፣ ዝም ያለም ነበር። ልጁ ቀኑን ሙሉ ፎቶ በተነሣ ቁጥር ከኋላ ረድፍ ይቆም ነበር፤ በማግስቱ ለመልሱ ሲጠሩት ሥራ ይዞኛል ብሎ ቀረ። አብሮ አደግን፣ ያውም በሚዜነት የተመረጠን ሰው፣ ለአንድ ጥንድ ጎማና ጨርቅ ብሎ ከወዳጁ ደስታ ማራቅ ከየት የመጣ ልማድ ነው? አባቶቻችን ሚዜ ሲመርጡ የሚጠይቁት ጠባዩን ነበር።

ከዚህ ፍርሃት የሚያተርፈውም አታላዩ ነው። ወጣቱ «ፌክ» እንዳይባል አጥብቆ ስለሚፈራ፣ እቁብ የደረሰውም ሆነ ከወንድሙ የተበደረው ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ኦርጅናል የሚለውን ቃል ይገዛል። ሻጩ በጫማው ምላስ ላይ «ሜድ ኢን ቬትናም» የሚለውን ጽሑፍ ያሳየውና ነገሩ ያበቃል። ታላላቆቹ ድርጅቶች በእርግጥ ብዙ ጫማቸውን ቬትናም ያሠራሉ፤ ነገር ግን ምልክቱን የቀዳ ሰው ጽሑፏን መቅዳት የሚሳነው አይደለም። ነጋዴዎች ሆይ፣ ቅጂውን ቅጂ ነው ብላችሁ በቅጂ ዋጋ ሽጡ። የኦርጅናል ዋጋ ተቀብላችሁ ሁለት ወር የማይቆይ ጫማ ማስታቀፍ ስርቆት ነው፤ ገዢው አፍሮ ስለማይመለስ ስርቆትነቱ አይቀርም። እናንተ ጠያቂዎቹም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም፤ ልጁን ወደዚያ ሱቅ ገፍቶ ያስገባው የእናንተ ምላስ ነውና።

መመርመር ደስ የሚላችሁ ከሆነ የሰውን ሳይሆን የራሳችሁን ጫማ፣ ያውም ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ያብጣልና ወደ ማታ ሂዱና ለኩ። ጫማውን ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አጥፉት፤ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ከሆነና ማስቲሹም ጥሩ ካልሆነ ሶሉ ከላዩ ሲላቀቅ እዚያው ታዩታላችሁ። እንደ ናይኪው ኤር ፎርስ ዋን ባሉት ጫማዎች ላይ የሶሉ ጠርዝ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው፤ በርካሽ ቅጂዎች ላይ ግን ስፌት የሚመስለው ነገር በጎማው ላይ የታተመ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በጥፍር ዳስሱት።

ከቦንዳ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ብዙዎች ገንዘባቸውን ያጡበት ነውና። ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ሞዴሎች ብዙዎቹ የመሀል ሶላቸው፣ ማለትም ከታችኛው ጎማ በላይ ያለው ለስላሳ ክፍል፣ ፖሊዩሪቴን ከሚባል አረፋ መሰል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ጫማው ሳይደረግ በካርቶኑ ውስጥ ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ ከውስጥ ይፈርሳል። ላዩ አዲስ መስሎ የተገዛ ጫማ ከገበያ ቤት ሳይደርስ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመሀል ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣበቀባችሁ ተዉት፣ የፈለገውን ያህል ዝነኛ ምልክት ቢኖረው ተዉት። እንደ ሳምባና እንደ ኮንቨርስ ወጥ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ይህ ደዌ እምብዛም አያገኘውም፤ ለእኛ ለሐይቅ ዳር ሰዎችም የሚሻለው እርሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ስዌድ የሚባለውን፣ ሲዳስሱት ጨርቅ ጨርቅ የሚለውን ቆዳ፣ ከጭቃ ጠብቁት። ሊስትሮ ጋ ወስዳችሁ በሳሙናና በውኃ አታስፈትጉት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ጋዜጣ ወትፋችሁበት በጥላ ይድረቅና ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። እንዲህ የተያዘ ርካሽ ጫማ በአንድ ክረምት ከሚበላሸው ውድ ጫማ ይልቅ ያገለግላል፣ ያምራልም። የተላቀቀውንም ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሰፋት አያሳፍርም፤ በክር ዙሪያውን የተሰፋ ስኒከር አይቼ የባለቤቱን ንቃት አደነቅሁ እንጂ ድህነቱን አላሰብሁም።

ምልክት የሌለው ጫማ መልበስም ክብር አይቀንስም። ከተማችን የቆዳ ፋብሪካ ያላት፣ እጁ የተባረከ ጫማ ሰፊም የማይጠፋባት ከተማ ናት። ቀለል ያለ፣ ነጭ ወይም ቡናማ፣ ጠፍጣፋ ሶል ያለው የቆዳ ጫማ አሠርቶ መልበስ የሚችል ሰው የሌላውን ድርጅት ሦስት መስመር መቅዳት ለምን ያስፈልገዋል? ጎኑን ባዶ ይተውና በድፍረት ይልበሰው።

እናንተ ትልልቆቹም፣ መሥሪያ ቤት ስኒከር አድርጎ የመጣን ሠራተኛ «የልጅ ጫማ» እያላችሁ የምትነኩ፣ ያው አንድ በሽታ ነውና ተዉት። ጫማው ንጹሕ ከሆነ ሥራውን ተመልከቱለት።

በመጪው ጥር የምታገቡ ደግሞ ይህን ምክሬን አትናቁብኝ፤ ለሚዜዎቻችሁ ቀለሙን ብቻ ንገሯቸው። ነጭ ይሁን በሉ፣ ከዚያ በኋላ ከየትም ይግዙት፣ ከማንም ይዋሱት። የማይችል እንዳለ ካወቃችሁም ቀደም ብላችሁ፣ ሌላው ሳይሰማ፣ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ግዙለት። በመልበሻው ክፍል ጫማ አንሥቶ የሚገለብጥ ሰው ከተገኘም ሙሽራው ራሱ፣ በዚያው ቦታ፣ በሁሉም ፊት ያስቀምጠው ዘንድ ይዘዘው።