ውዳሴ ለአልበም ጠባቂዎች

ሽሮ እስኪንተከተክ መታገሥ ባቃተን በዚህ ችኩል ዘመን፣ መጠበቅን እንደ ሙያ የያዙ ሰዎች አሁንም በምድር ላይ አሉ ብል የሚያምነኝ ላይኖር ይችላል። አሉ ግን፤ የዘ ኪዩር አድናቂዎች ይባላሉ። ዘ ኪዩር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከለንደን በስተደቡብ ከምትገኘው ከክሮውሊ ከተማ የተነሣ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በ1979 ያወጣ፣ ኒው ዌቭ የሚባለው የሮክ ሙዚቃ ስልት ዘመን ካፈራቸው አንጋፋ የእንግሊዝ ባንዶች አንዱ ነው። መሪው ሮበርት ስሚዝ ፀጉሩ ከነፋስ ጋር ተጣልቶ የመጣ የሚመስል፣ ስልሳውን ካለፈ በኋላም ከንፈሩን ቀይ መቀባት ያልተወ፣ ሐዘን ሲመጣበት በር ከመዝጋት ይልቅ አስገብቶ ዜማ የሚያወጣለት ሰው ነው። የባንዱ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፈውስ» ማለት ነው። የተከታዮቹን ሁኔታ ያየ ሰው ይህን ስም ያወጣው ማን እንደሆነ ጠይቆ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ሙዚቃው ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ሙዚቃው የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ላመሰግን የፈለግሁት ሙዚቃው በሌለበት ጊዜ ሁሉ ሙዚቃውን ሲጠብቁ የኖሩትን ነው። ባንዱ 13ኛ አልበሙን በኦክቶበር 2008 ካወጣ በኋላ ቀጣዩ ለሕዝብ የደረሰው ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ነው፤ ይኸውም 16 ዓመት መሆኑ ነው። በ2008 አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን በዚህ ጊዜ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ወስዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ዲግሪውን በፕላስቲክ አድርጎ ሥራ ፍለጋ ይዞራል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው በተስፈኛ ሰው ሲያላግጡ፣ እንዲህ ዓይነት ጠባቂ ይነሣል ብለው አላሰቡም። እነዚህ ሰዎች የሰማይዋን ላም ለ16 ዓመት አልበው፣ ወተቷን አርግተው፣ ቅቤው ጨው በዝቶበታል እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ከችሎታቸው ሁሉ የሚደንቀኝ ግስ የማርባት ችሎታቸው ነው። ስሚዝ በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ሻይ እየጠጣ፣ አዲስ አልበም «ሊወጣ ይችላል» ይላል እንበል። ይህን የሰማው የመጀመሪያው አድናቂ ለባልንጀራው ሲያስተላልፈው «ሳይወጣ አይቀርም» ሆኖ ይደርሳል። ባልንጀራው ለሦስተኛው «ይወጣል» ይለዋል። ሦስተኛው ለሚስቱ «እየወጣ ነው» ይላታል። ማምሻውን አምስተኛው ሰው «ወጥቷል፤ ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የድሮዎቹን አያክልም» ብሎ ፍርድ ይሰጣል። የሰዋስው መምህራን ከ«ይችላል» እስከ «አያክልም» ያለውን ጎዳና በአንድ ቀን የሚያስጉዝ ሌላ ትምህርት ቤት ካወቁ ይንገሩን።

ስሚዝም ተማሪዎቹን አላስራበም ማለት ይቻላል። በ2014 የ13ኛው አልበም መንትያ የሚሆን፣ ከዚያው ቀረጻ የተረፉ ዘፈኖችን የያዘ ሌላ አልበም እንደሚመጣ ተነገረ፤ ስም ሳይቀር ወጣለት። ያ መንትያ እስከ ዛሬ አልተወለደም። በእኛ አገር ክርስትናው የሚነሣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ስለሆነ ነገሩ ግር ሊለን ይችላል፤ አድናቂዎቹ ግን ስሙ ከወጣ ልጁ አለ ማለት ነው ብለው ለመንትያው ቦታ አስቀምጠውለት ይጠብቁታል። በ2019 ባንዱ ዌልስ ውስጥ ሮክፊልድ ወደሚባለው የገጠር ስቱዲዮ ገብቶ መቅረጽ ሲጀምር፣ ስሚዝ አልበሙ በዚያው ዓመት እንደሚደርስ ተስፋ ሰጠ። ዓመቱ ወጣ። በ2022 ደግሞ 12 ዘፈኖች ያሉት አልበም በግማሽ እንደተጠናቀቀና መኸር ላይ ከሚጀመረው የኮንሰርት ጉዞ በፊት መውጣት እንዳለበት ተናገረ። ጉዞው ኦክቶበር 6 ቀን 2022 በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ ተጀመረ፤ ያልወጣው አልበም ስም በጉዞው ስም ውስጥ ተካቶ፣ አልበሙ ራሱ ግን ሳይኖር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ ይስማማል፤ ልዩነቱ እንቁላሉ ከመፈልፈሉ በፊት የዓለምን ከተሞች መዞሩ ብቻ ነው።

በዚያ ጉዞ ላይ ባንዱ ከሚጠበቀው አልበም ውስጥ አምስት ዘፈኖችን በመድረክ ተጫወተ። አድናቂዎቹም ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ የራሳቸውን ጩኸትና የጎረቤታቸውን ሳል ጭምር ቀርጸው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ዘፈኖቹን ቃል በቃል እየዘመሩ፣ ከየአገሩ የተቀዳውን ከየአገሩ ከተቀዳው ጋር እያስተያዩ፣ ከበሮው በፓሪስ ይሻላል ወይስ በሚላኖ በሚለው እየተወያዩ፣ አዲሱ አልበም መቼ ይሆን የሚወጣው እያሉ በጉጉት ጠበቁ። የሌለውን መጠበቅ ማንም ያውቅበታል። ኪስ ውስጥ ያለውን ነገር ያን ያህል መጠበቅ ግን ልዩ ጸጋ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ርኅራኄያቸው ሳልናገር ባልፍ ውዳሴዬ ጎዶሎ ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ስሚዝ እናቱን፣ አባቱንና ወንድሙን በሞት አጣ፤ ከወጡት ዘፈኖች አንዱ ለወንድሙ የተገጠመ ልቅሶ ነው፣ መድረክ ላይ ሲዘፍነውም ሐዘኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር። በዚህ ጊዜ አድናቂው ማኅበር እንደ ማንኛውም ጨዋ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ገባ፣ «እግዜር ያጥናህ» አለ፣ ንፍሮውን ቆንጠር አደረገ፣ ጥቂት ዝም ብሎም ቆየ፤ ከዚያ ወደ ሐዘንተኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ አልበሙስ?» ሲል ጠየቀ። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ የመንደሩን ዕቁብ የሚያስታውስ ሰው እኛም ዘንድ አለ፤ ሆኖም የእኛው ቢያንስ ድንኳኑ እስኪፈርስ ይታገሣል።

ከዚያ የትርጓሜው ዘመን መጣ። በሴፕቴምበር 2024 በክሮውሊ በሚገኝና ባንዱ በጀማሪነቱ ይጫወትበት በነበረ አንድ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁር ፖስተር ተለጠፈ፤ ጥቂት አድናቂዎችም በቤታቸው ፖስት ካርድ ደረሳቸው። የተጻፈው ዋና ነገር የሮማውያን ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው «1፣ 11፣ 2024» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል፣ ማለትም ኖቬምበር 1 ቀን 2024። ይህ ግን የተራ አንባቢ ንባብ ነው። የቅኔና የአንድምታ አገር ልጆች ስለሆንን እኛ እንኳ አንድ ቃል ስናገኝ «አንድም» ብለን ሁለተኛ፣ «አንድም» ብለን ሦስተኛ ትርጉም እናወጣለን፤ ለዚህ ደግሞ ሊቃውንቱ ዓመታት ጉባኤ ቤት ተቀምጠው፣ ቁራሽ ለምነው፣ በቁንጫ ተበልተው ነው የሚማሩት። የዘ ኪዩር አድናቂ ይህን ሁሉ ድካም ሳያይ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ መሪ ጌታ ይሆናል። ፖስተሩ ጥቁር ነው፤ ይህ አልበሙ ያዘነ ነው ሲል ነው። አንድም፣ የቀለም ወጪ ለመቀነስ ነው። አንድም፣ የመጨረሻ አልበም ነው ሲል ነው። የተለጠፈው መጠጥ ቤት ነው፤ ይህ ወደ መነሻችን ተመልሰናል ሲል ነው። አንድም፣ ሁለት አልበም ነው፣ መጠጥ ሲበዛ አንዱ ሁለት ሆኖ ይታያልና።

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት ግድ ስለሆነ አንድ ነገር ልመስክር፤ በዚህ ጊዜ ተራው ንባብ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አልበሙ በተባለው ቀን ወጣ፤ ባንዱም በዚያው ምሽት ለንደን ውስጥ ትሮክሲ በተባለው አዳራሽ ሦስት ሰዓት ያህል ተጫወተ። በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥም አንደኛ ወጣ፤ ባንዱ ከ1992 ወዲህ ይህን ደረጃ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። ለትርጓሜው ጉባኤ ግን ይህ ጥቁር ቀን ነው። 16 ዓመት ሙሉ የተደከመበት ምሥጢር በካርድ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ሲፈጸም፣ ሊቃውንቱ ምን ይተርጉሙ? የተባሉት 12 ዘፈኖች 8 ሆነው መጡ፤ ርዝመታቸውም በድምሩ 49 ደቂቃ ገደማ ነው። ሂሳብ የሚወድ ሰው ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ የጥበቃ ዓመት ሦስት ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ከስምንቱ አምስቱ በስልክ ተቀርጸው ያረጁ ስለነበሩ፣ በእውነት አዲስ የነበሩት ሦስት ናቸው። ይህን ስሌት ለአንድ አድናቂ ብነግረው ቅር ይለዋል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ በርቶ «የቀሩት አራቱስ የት ሄዱ?» አለኝ። ወዲያው የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ሰው ያገኘውን ዘፈን እስከ መጨረሻው እንዳልሰማው ነው።

ይህን ስል እየነቀፍኩ አይደለም። ከአሥርት ዓመታት ልምድ በኋላ አልበም ለእነሱ የጥበቃው ፍጻሜ ሳይሆን በሁለት ጥበቃዎች መካከል የሚገባ አጭር ዕረፍት ሆኗል። ስሚዝ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል መሰለኝ፤ አልበሙ በወጣበት ሰሞን ቀጣዩ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው፣ ከእሱም ኋላ ሦስተኛ እንዳለ ተናገረና ሕዝቡን ከሥራ ፈትነት አዳነው። በጁን 2025 ደግሞ የዚያኑ አልበም ዘፈኖች ሌሎች ሙዚቀኞች እንደገና ያቀናበሩበት፣ 24 ቅንብር የያዘ ሥራ ወጣ። አድናቂው የቀረበለትን ገበታ አየ፣ «ይህ የትናንቱ ወጥ ነው፣ ቲማቲም ተጨምሮበት» አለ፣ ሁሉንም በላ፣ አፉን ጠረገና ወደ መስኮቱ ተመለሰ፤ ፖስታ ቤት ካርድ ያመጣ እንደሆነ።

ስሚዝ ስለ ማቆምም ተናግሯል። ባንዱ አበቃ ማለት ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት ደጋግሞ ብሎታል፣ ደጋግሞም ተመልሷል፤ እንዲህ ያለ መሰናበት እኛ ዘንድ በር ላይ ቆሞ ሌላ አንድ ሰዓት ማውራት ይባላል። ይህኛው ግን ቀን አለው፤ የመጀመሪያው አልበም 50 ዓመት በሚሞላበትና እሱ ራሱ 70 ዓመት በሚሆነው በ2029 እንደሚያቆም ነው የተናገረው። ጠባቂዎቹ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ የሚል ሰው ካለ አያውቃቸውም። የመጨረሻ ቀን ማለት ከዚያ በፊት የሚወጡት አልበሞች ስንት እንደሆኑ የሚቆጠርበት ቀን ነው፤ በመሆኑም ጣቶቻቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ።

እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በንጹሕ የታዛቢነት መንፈስ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳላካፍል ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የ2008ቱ አልበም ስም በ«4፡13» ይጀምራል። ለዚህ ሁለት ትርጉም ይሰጡታል፤ የባንዱ አባላት በዚያን ጊዜ አራት ነበሩ፣ አልበሙ ደግሞ 13ኛ ነው። የያዛቸው ዘፈኖችም 13 ናቸው፤ ከአልበሙ በፊት የወጡት አራት ነጠላ ዜማዎችም ከሜይ እስከ ኦገስት በየወሩ በ13ኛው ቀን ነው የተለቀቁት። እስከዚህ ድረስ የፈረንጆቹ ጉባኤ ደርሶበታል። የእነሱ ጉባኤ ያላየው ነገር ግን ሮበርት ስሚዝ የተወለደው ኤፕሪል 21 ቀን 1959 መሆኑ በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ የሚሰጠውን ውጤት ነው። ኤፕሪል ለእነሱ አራተኛ ወር ነው። ኤፕሪል 21 ለእኛ ሚያዝያ 13 ነው። አራት፣ አሥራ ሦስት። ይህን ባለ 13 ወር የዘመን አቆጣጠር ይዘን ስንኖር አንድ ቀን ለአንድ ነገር ይጠቅመናል ብዬ ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር።

70ኛ ዓመቱ እንግዲህ የሚውለው ሚያዝያ 13 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው። ዕለቱን አስልቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ነው። ፋሲካ በዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሚውል ቀኑ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ጾም የለም። አንድም፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።