ጋኔን ሆይ፣ ወደ ማይኩ ጠጋ በል

ባለፈው እሁድ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ድንገት ፊቴ ላይ ብርሃን ወረደ። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ላይ ያየው ዓይነት መስሎኝ በድንጋጤ ዓይኔን ስገልጥ፣ ካሜራ የደቀነ ወጣት ፊቴ ተንበርክኳል። «ጋሼ፣ እስኪ ቅድም የነበረውን ፊት ይመልሱልኝ» አለኝ በትሕትና። ስለ ምን እጸልይ እንደነበር ጠፋብኝ። ቅር ግን አላለኝም፤ ጸሎቴ ሰማይ ባይደርስ ዩቲዩብ ደርሷል።

ስለዚህ ዛሬ የተነሣሁት ለምስጋና ነው። በደርግ ዘመን አማኞች መጋረጃ ጋርደው፣ ድምፃቸውን አፍነው ይዘምሩ ነበር። ምስኪኖች፣ ስንት ተመልካች አመለጣቸው! ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም ቢሆን በ1969 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ 14 ዓመት ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ፣ አንድ ጋኔን እንኳ በእንግድነት ጋበዘ ሲባል አልሰማሁም።

የዛሬ ጋኔን ሥነ ሥርዓት ያውቃል። ማክሰኞ፣ አምስት እናቶች ብቻ በተገኙበት የጾም ጸሎት ላይ ትንፍሽ አይልም። እሁድን ይጠብቃል። መብራቱ ተስተካክሎ፣ ቀጥታ ስርጭቱ መጀመሩ ሲታወጅ ያን ጊዜ ይጮኻል። አገልጋዩ «ማን ነህ?» ቢለውም ማይክ ካልቀረበለት አይመልስም። ማይኩ ሲቀርብ «ትዳሯን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሌላስ? «ቪዛዋንም።» ማን ላከህ? «አክስቷ።» (አክስትየዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ ሁለተኛው ካሜራ ይዟታል።) ከዚያ ልውጣ ብሎ ይለምናል። ማን ፈቅዶለት! ገና 20ኛው ደቂቃ ነው። «ቆይ፣ በውጭ ሀገር ለሚከታተሉን ድገምላቸው» ይባላል፤ ይደግማል። አንድ ጊዜ ደግሞ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። አገልጋዩ ዝም አለ፣ ካሜራው ዝም አለ፣ ጋኔኑም ዝም አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሦስቱም በትዕግሥት ጠበቁ። መብራት ሲመጣ ጋኔኑ ካቆመበት ቃል ቀጠለ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታ ርኩሱን መንፈስ «ዝም በል፣ ከእርሱም ውጣ» ብሎ ገሠጸው፤ በዚያው አለቀ። ሌጌዎን የተባለውን ጋኔን ስሙን ጠይቆት የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ጠይቆታል፤ የአክስቱን ስም ግን አልጠየቀውም።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ የሚያስተምር መጋቢ ወዳጅ አለኝ፤ ዲጂታል ሚዲያ በምእመናን ላይ ያመጣውን ለውጥ ያጠናል። «ያለፈው እሁድ ስብከት ስለ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ «ቪዛዋን ስለያዘው» አሉት። ስብከትም እንደነበረ የሚያስታውስ አጣ። ወዳጄ አዘነ። ብዙ መማር እንዲህ ያደርጋል።

ልጅቷስ? ጋኔኑ ወጣ ከተባለ በኋላ ምንጣፉ ላይ የቀረችው ልጅ? ቀሚሷ ተገልጦ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ሲቀርጿት ፈቃድሽ ነው ወይ ያላት የለም። ሰኞ በክፍል ጓደኞቿ ስልክ ውስጥ ናት። ሽማግሌ ሊላክባት ሲታሰብ፣ ሥራ ስትጠይቅ፣ ልጅ ወልዳ ልጇ ስልክ ሲነካካም እዚያው ምንጣፍ ላይ ናት። የታመመች ልጅ ፊት ሸጣችሁ ተመልካች የምትቆጥሩ፣ ነውር ነው! ለወደቀ ሰው ነጠላ ይጣልለታል እንጂ መብራት አይበራበትም። እናታችሁ ብትሆን ታበሩባት ነበር?

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን አቋረጥኩ። ቤት ሆናችሁ በአንድ እጃችሁ ሽንኩርት እያማሰላችሁ በሌላው «አሜን» የምትጽፉትንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ ወጡ ሳያር ለ11 ሰው ያጋራችሁትን በተለይ።

ያ ወጣት ቪዲዮውን ሐሙስ ዕለት በቴሌግራም ላከልኝ። ከጎኔ ያሉት እናት እጃቸውን ዘርግተው ያነባሉ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ካሜራውን አያለሁ። ከሥር 214 ሰው ለጸሎቴ «አሜን» ብሏል። ምን እንደለመንኩ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። 215ኛው እኔ ነኝ።