እርማት፦ «ያው ነው» የተባለው ማን ነው?

የተከበሩ ወንድማችን፣ ባለፈው እሑድ ደሴ በሰንበቴያችን «ሌላውን በእምነት የሚያጸና ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ አይገባውም፤ ቃሉ ትናንትና ዛሬ እስከ ለዘላለምም ያው ነው ይላልና» ያሉት በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። በዕብራውያን 13፥8 «ያው ነው» የተባለው ኢየሱስ ክርስቶስ እንጂ እኛ አይደለንም።

በሐዋርያት ሥራ 18 የምናገኘው የእስክንድርያው አጵሎስ፣ በመጻሕፍት እውቀት የበረታና በመንፈስ የሚቃጠል ሰባኪ ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ስለነበረ፣ ድንኳን ሰፊዎቹ ጵርስቅላና አቂላ ኤፌሶን ላይ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው በትክክል ገለጡለት። ወደ አካይያ ተሻግሮ ያመኑትን እጅግ የጠቀማቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉልኝ።

እኔም ልጇን የቀበረች ጎረቤቴን ላጽናና ብዬ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በተቀመጠችበት «እምነት ያለው ሰው አያለቅስም» ስላት፣ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ አስቀድሜ አጠገባቸው ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።