የልጅ ፓስፖርት ለማውጣት የአሳዳጊነት ሙግት አያስፈልግም

በአሜሪካ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ፓስፖርት የሚያገኘው ሁለቱም ወላጆቹ ሲስማሙ ነው። ተለያይተው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል ይህች ስምምነት የብዙ ጠብ መነሻ ሆናለች። እናት ልጇን ወስዳ ለአያቶቹ ልታሳይ ታስባለች፤ አባት አይሆንም ይላል። ተገላቢጦሹም አለ። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ የንስሐ አባት ይለመናሉ፣ በዚህ መሀል ክረምቱ ያልፋል። ሽምግልናው ከሰመረ ከሁሉም ይሻላል። ካልሰመረ ግን ብዙ ሰው ከሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አንዱን ይይዛል። ወይ ፎርሙን አድበስብሶ ፊርማውን ለመዝለል ይሞክራል፣ ወይ ደግሞ ያለ የሌለ ገንዘቡን አፍስሶ የሙሉ አሳዳጊነት ክርክር ይከፍታል። የሚበቃው ግን ፍርድ ቤት የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ነው።

ደንቡን ራሱን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ ሲውል ከ14 ዓመት በታች ያሉትን ይመለከት ነበር፤ በ2008 ወደ 16 ከፍ አለ። ዓላማው አንዱ ወላጅ ሌላው ሳያውቅ ልጅ ይዞ ከአገር እንዳይወጣ መከላከል ነው። በዚህ መሠረት ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር ፖስታ ቤት ወይም ሌላ ፓስፖርት ተቀባይ ቢሮ ይቀርባሉ። የሚሞላው ዲኤስ-11 የተባለው ፎርም ሲሆን፣ ተቀባዩ ሠራተኛ ፊት ሳይደርሱ አይፈረምበትም። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጆች መታወቂያና ፎቶ ይያዛል። ክፍያው ለስቴት ዲፓርትመንት (ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) 100 ዶላር፣ ለተቀባዩ ቢሮ 35 ዶላር ነው። ፓስፖርቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። የልጅ ፓስፖርት በፖስታ አይታደስም፤ ጊዜው ሲያልፍ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ስምምነቱም ጭምር። ባለፈው ጊዜ የፈረመ ወላጅ ዘንድሮ እምቢ ቢል የያኔው ፊርማ አይቆጠርበትም።

በማኅበረሰባችን ሲነገሩ የምንሰማቸው ሦስት ማስተባበያዎች አሉ፤ አንዳቸውም አይሠሩም። «አልተጋባንም» ማለት ዋጋ የለውም፤ የአባት ስም በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ካለ ፈቃዱ ያስፈልጋል። «ልጁ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው» ማለትም አይበቃም። የፍርድ ቤት ትእዛዙ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር ወስኖ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሕክምናና ስለ መሳሰሉት ትልልቅ ጉዳዮች የመወሰኑን ሥልጣን ለሁለቱም ከሰጠ፣ ስቴት ዲፓርትመንት ትእዛዙን የሚያነበው የሁለቱንም ስምምነት እንደሚጠይቅ አድርጎ ነው። «ማሳደጊያ አይከፍልም» የሚለው ሦስተኛው ነው። የልጅ ማሳደጊያ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር የበለጠ ወላጅ የራሱን ፓስፖርት ሊከለከል ይችላል፤ በልጁ ፓስፖርት ላይ ያለውን ድምፅ ግን በዚህ ምክንያት አያጣም።

የሌላው ወላጅ ፈቃድ በእርግጥ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ የአመልካቹ ስም ብቻ ሲኖር፣ ሌላው ወላጅ ሞቶ የሞት የምስክር ወረቀት ሲቀርብ፣ ፍርድ ቤት ለአመልካቹ ሙሉ ሕጋዊ አሳዳጊነት ሰጥቶ በልጁ ጉዞ ላይ ገደብ ሳያደርግ ሲቀር፣ ወይም ፍርድ ቤት ይህ ወላጅ ብቻውን ፓስፖርት ማውጣት ይችላል ብሎ ለይቶ ሲያዝ። የመጨረሻውን ልብ በሉት። አሳዳጊነቱ የጋራ ሆኖ እንኳ ይህ ትእዛዝ ይሠራል።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት እምቢታው እውነተኛ እምቢታ መሆኑን ማጣራት ይገባል። አዲስ አበባ ያለ አባት «አልፈርምም» ያለው ምናልባት አሜሪካ መምጣት የሚጠበቅበት መስሎት ይሆናል። አይጠበቅበትም። ዲኤስ-3053 የተባለውን የስምምነት ፎርም አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ መፈረም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ደግሞ ማንኛውም ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) ፊት ይፈርማል። ይህ ፎርም የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ፈራሚው ቤቱ ፈርሞ ይመጣና ኖታሪው የሌላ ቀን ማኅተም ይመታበታል፤ የመታወቂያው ቅጂ በፊት ገጹ ብቻ ይያያዛል፣ ጀርባው ይቀራል፤ ወይም ከተፈረመ 3 ወር አልፎት ይቀርባል። ሦስቱም ማመልከቻውን ያስመልሳሉ።

እምቢታው የምር ከሆነ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። የፍቺ ወይም የአሳዳጊነት መዝገብ ካለ፣ እዚያው መዝገብ ላይ ሞሽን (ለዳኛው የሚቀርብ የጽሑፍ ጥያቄ) ይገባል። ከሌለ በመርሕ ደረጃ ጉዳዩን የሚያየው ልጁ በተከታታይ 6 ወር የኖረበት ስቴት ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ መያዝ ቢረዳም ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች ለባለጉዳዮች ፎርም የሚያስረዱ የራስ አገዝ ማዕከሎች አሏቸው፣ አቅም የሌለውም ከመዝገብ ክፍያ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። መጥሪያውን ለሌላው ወላጅ የሚያደርሰው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ባለጉዳዩ ራሱ ቢሰጥ አይቆጠርም፣ ቀጠሮውም ይተላለፋል።

ዳኛው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ጠባብ ይሁን። አሳዳጊነቱ እንዲቀየር፣ የጉብኝት ቀን እንዲቀነስ፣ የድሮ በደል እንዲሰማ መጠየቅ ጉዳዩን ወደ ወራት ክርክር ይለውጠዋል፣ ሌላውንም ወላጅ ጠበቃ እንዲያቆም ያስገድደዋል። የትእዛዙን ረቂቅ አዘጋጅቶ መቅረብም ይጠቅማል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «እናት ያለ አባት ስምምነት፣ በዚህ ስምና በዚህ የልደት ቀን ለሚታወቀው ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ብቻዋን ማመልከት፣ መቀበልና ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው በየጊዜው እንደገና ማውጣት ትችላለች።» የእድሳቷ ሐረግ ከጎደለች ከ5 ዓመት በኋላ ሌላ ክርክር ትጠብቃለች። የልጁ ስም ልክ በልደት የምስክር ወረቀቱ እንደተጻፈው ይጻፍ። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት ስለሚጻፉ፣ ኃይሉም ተስፋዬም በአንድ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ፤ ልዩነቱ ካለ በትእዛዙ ውስጥ አንድ ሰው መሆኑ እንዲጠቀስ መጠየቅ በኋላ ደብዳቤ ከመመላለስ ያድናል። ፓስፖርት ማመልከቻው ላይ የሚያያዘው የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ሙሉ ቅጂ ነው፣ ሁሉም ገጾች ሳይጎድሉ።

ፓስፖርት የማውጣት ፈቃድና የመጓዝ ፈቃድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓስፖርቱ በእጅ ቢሆንም የቀድሞው ትእዛዝ ልጁ ከስቴቱ ወይም ከአገር እንዳይወጣ ካለ፣ እሱን መጣስ ፍርድ ቤት መድፈር ነው። የሌላውን ወላጅ መብት ለማደናቀፍ ልጅን ከአሜሪካ ማውጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ካሊፎርኒያ ያሉ ይበልጥ ይጠንቀቁ። እዚያ የፍቺ ክስ ሲከፈት መጥሪያው ራሱ ያለ ሌላው የጽሑፍ ስምምነት ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ልጁን ከስቴቱ ማስወጣትንም፣ አዲስ ፓስፖርት ማመልከትንም ይከለክላል። ስለዚህ ሁለቱን ፈቃዶች በአንድ ሞሽን መጠየቅ ይሻላል።

ዳኛውን የሚያስጨንቀው የጉዞው ክፍል ነው፤ በዚህ የአባትየውን ፍርሃት ማቃለል ስሕተት ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ያላግባብ ከአገር የተወሰደ ልጅ እንዲመለስ አገሮች በተዋዋሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ው የሄግ የልጆች ጠለፋ ስምምነት ውስጥ የለችበትም። ልጅ እዚያ ቢቀር በዚያ ስምምነት የሚጠየቅ የመመለሻ መንገድ የለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ከሚያስቀምጣቸው መመዘኛዎች አንዱ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ ስለሆነ፣ የአሜሪካን ትእዛዝ ይዞ ሄዶ ማስፈጸም ቀላል አይደለም። ይህን ጥሩ ጠበቃ ለዳኛው ይነግራል፤ አመልካቿ ቀድማ መልስ ይዛ ብትቀርብ ይሻላታል። የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሚያርፉበት ቤት አድራሻ፣ ልጁ በቪዲዮ ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበት ሰዓት፣ የሥራዋ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይቅረቡ። ካስፈለገም የገንዘብ ዋስትና ይቀመጥ፤ ከጉዞ መልስ ፓስፖርቱ ጠበቃ ዘንድ ይቆይ። ይህን ሁሉ ራሷ ያቀረበች አመልካች ፊት ዝም ብሎ «አልፈልግም» የሚል ወላጅ ለዳኛ የሚያሳምን ምክንያት ማቅረብ ይከብደዋል።

ለሚፈራውም ወላጅ ከድፍን እምቢታ የተሻለ መሣሪያ አለ። ስቴት ዲፓርትመንት የልጆች ፓስፖርት ማስጠንቀቂያ ፕሮግራም አለው። ዲኤስ-3077 የተባለውን ፎርም ሞልቶ የተመዘገበ ወላጅ፣ በልጁ ስም የአሜሪካ ፓስፖርት ሲጠየቅ እንዲነገረው ይደረጋል፤ ምዝገባው ልጁ 18 እስኪሞላው ይቆያል፣ ክፍያ የለውም። ድክመቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የወጣ ፓስፖርትን አይሰርዝም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጅ አያስቆምም፣ የሌላ አገር ፓስፖርትንም አይከታተልም። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነውና፣ ሥጋቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ መፍትሔው በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ውስጥ «የማንኛውም አገር ፓስፖርት» ብሎ ማስጻፍ ነው።

አድበስባሾቹን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዲኤስ-5525 የተባለ ፎርም አለ፤ ሌላው ወላጅ የት እንዳለ ሲጠፋ ወይም የልጁን ደኅንነት የሚነካ አጣዳፊ ሁኔታ ሲኖር የሚሞላ ነው። «እሱን ሙሊና ጠፋ በይ» የሚል ምክር በየቡናው ይሰጣል። በዋትስአፕ በየሳምንቱ የሚጻጻፉትን ሰው ጠፋ ብሎ መፈረም በፓስፖርት ማመልከቻ ላይ ሐሰት መናገር ነው፤ በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል፣ በአሳዳጊነት ክርክርም ላይ ዳኛው ዘንድ ያለን እምነት ያሳጣል። በእርግጥ የጠፋን ሰው ለፈለገ ግን ፎርሙ ይሠራል፦ የተደወለበት ቁጥር፣ የተላከው ደብዳቤ፣ የተጠየቁት ዘመዶች፣ ቀኑ ሁሉ በዝርዝር ይጻፍበት።

አሁን ፍቺ ላይ ያሉ ደግሞ ይህን ሁሉ በስምምነታቸው ውስጥ ቢያስገቡ ከኋላው ክርክር ይድናሉ። ፓስፖርቱን ማን እንደሚያወጣ፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ከጉዞ በፊት በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚሰጥና በበጋና በክረምት ልጁ ስንት ሳምንት ከአገር ውጭ ሊቆይ እንደሚችል ለመጻፍ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሁለቱም እየተነጋገሩ ባሉበት ጊዜ ደግሞ ዳኛው አጽድቆ የሚፈርመው በቀላሉ ነው።