ሰልባጅ የሚለብስ ሰው የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ሰልባጅ የሚለብስ ሰው የለም። እኔ እስካሁን አንድም አላጋጠመኝም። ያየሁት ሁሉ የለበሰው ተልኮለት ነው። ጃኬቱን ዋሽንግተን ያለች አክስቱ፣ ጫማውን ቶሮንቶ ያለ ያጎቱ ልጅ፣ ቀሚሷን ደግሞ ለሰርግ መጥታ የሄደች አብሮ አደግ ጓደኛዋ። ይህን ያህል ለጋስ ዘመድ ያለው ከተማ ሌላ የት ይገኛል? እግዜር አክስቶቻችንን ያኑርልን።

ይቺ አክስት ስልክ አታነሳም። ለፋሲካ ዶላር ላኪልን ሲሏት «ኑሮ እዚህም ተወዷል» ትላለች። ልብስ ላይ ግን እጇ ፍትት ያለ ነው። ምርጫዋም የራሷ ነው። ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የለበሰው ቲሸርት ኦሃዮ ውስጥ ለተሰባሰበ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች የታተመ ነበር። ጀርባው ላይ የዘመዳሞቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንድም አበበ የለበትም። «ወንድሜ ነው የላከልኝ» አለኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው። ዝምድናችን እዚያ ድረስ መዝለቁን ሳውቅ ደስ አለኝ።

አክስት የላከችው ልብስ ለምን በኦሞ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ለምንስ ዕጣን ይታጠናል ብሎ የሚጠይቅ ካለ እሱ ምቀኛ ነው።

ይህን ልማዳችንን «ውሸት» የሚሉ ሰዎች ሕግ አያውቁም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው። ጉምሩክም በየጊዜው ልባሽ ጨርቅ መያዙን ይነግረናል። ያልተያዘው ቦንዳ የት እንደገባ ግን አንድም ሰው አያውቅም። እንግዲህ በሕጉ መሠረት ሰልባጅ የሚባል ነገር ገበያ ላይ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ አይሸጥም፣ አይገዛም፣ አይለበስም። «እኔ ሰልባጅ ለብሼ አላውቅም» የሚል ሰው ከመንግሥት ጋር ቃል በቃል እየተስማማ ነው። ዜብራ ላይ ለእግረኛ የማይቆም ከተማ እዚህ ላይ ሲደርስ እንዲህ ሕግ አክባሪ መሆኑ አያስመሰግንም?

ይህ የሌለ ነገር ታዲያ ማታ ማታ ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ሸራ ላይ ይዘረጋል። «አንሱ በሁለት መቶ! አሁን የተፈታ ቦንዳ ነው! አንሱ!» ይላል ልጁ፣ ድምፁ እስኪዘጋ።

ሰልባጅ እንዴት እንደሚገዛ ያየ ሰው ጥበብ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ማንም ቀጥ ብሎ አይመጣም። ገዢዋ መጀመሪያ ታልፋለች። ትንሽ ሄዳ ቀኝና ግራዋን ትቃኛለች። ከዚያ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ትመለስና ቆም ትላለች። ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። በእግሯ ጫፍ ሹራቡን ገልበጥ ታደርገዋለች። «እሺ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ስትል አንድ እጇ ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኗ ገብቷል። አንገትጌው ይታያል። ብብቱ ይሸተታል። ዚፑ ሁለቴ ወጥቶ ይወርዳል። ኪሱም ይፈተሻል፤ የተረሳ ዶላር ቢኖርስ? ሱሪ ከሆነ ወገቡ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ከዞረ ልክ ነው። የቦሌ ቡቲኮች በመስታወትና በመጋረጃ የሚደክሙት ይህን ባያውቁ ነው።

አንዳንዴ ታዲያ የአንድ ኮት ሁለት እጅጌ ሁለት ሰው እጅ ላይ ይገኛል። ቀና ሲሉ ደግሞ አንድ ቢሮ የሚሠሩ ናቸው።

«ውይ! አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለሠራተኛዬ እኮ ነው። ብርዱ ገደላት። አንቺስ?»

«እኔማ ገጠር ላሉት ዘመዶቼ ልላክላቸው ብዬ።»

እንዲህ ያለ ርኅራኄ! ዓርብ ቢሮ ስትገባ የሠራተኛዋን ኮት ለብሳለች። ቁርጥ በልኳ ነው። መቼም ሠራተኛዋ አውሳት ይሆናል። ያቺኛዋም አይታ እንዳላየች አለፈች። እሷም የገጠር ዘመዶቿን ቦት ጫማ ተጫምታ ነበርና።

የኮሪደር ልማቱ ግን እዚህ ላይ በድሎናል። ያ ሁሉ መብራት! ዱሮ ድንግዝግዙ ገመና ከታች ነበር። አሁን በምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንኳ ሰው ካስፋልቱ ማዶ ይለያል። ደግነቱ ከኮሮና የተረፈ ማስክ በየቤቱ አለ። በጨለማ መነጽር የሚያደርጉም አይቻለሁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ደግሞ ልጁ የሸራውን አራት ጫፍ ሰብስቦ ይፈተለካል። እየሞከረ የነበረው ሰውዬ ያልከፈለበትን ጃኬት እንደለበሰ ይቀራል። ይሄኛውስ በእውነት ተልኮለታል ማለት ይቻላል።

ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ሸሚዝ ዋጋ ውኃ ያስጠጣል። አክስታችንም ከዚያ ወዲህ መላክ አብዝታለች። ክምሩ ውስጥ ያመለጠውን ጃኬት ደግሞ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ተተኩሶ፣ ማንጠልጠያ ላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። «ኦሪጅናል ብራንድ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር የሚነገር ዋጋ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ገዢ እንደሌለ ሁሉ አሮጌ ልብሱን የሚሸጥ ሰውም የለንም። ሁሉም ለተቸገረ ነው የሚሰጠው። ጠዋት አሮጌ ልብስ በሳፋ የሚለውጠው ልጅ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ሲል በሩ ገርበብ ይልና አንድ ጣት ይጠራዋል። ድምፅ አይወጣም። ጎረቤት አለ።

«ይሄ የውጭ ዕቃ ነው፣ አንተ ልጅ። የባሌ አክስት ናት ከአሜሪካ የላከችለት። ትልቁን ሳፋ አምጣ።»

ልጁ ኮቱን ይገለብጣል። ገበሩን ያያል። ክርኑን በአውራ ጣቱ ይገፋዋል።

«እትዬ፣ አክስትየው ሱቋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው እንዴ? አንድ ሱሪ ይጨምሩበት።»

ሱሪው ተጨመረ። ሳፋው ገባ። ማታ ባልየው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ሲያተራምስ «ለተቸገረ ሰጠሁት» ተባለ። ሰፈሩም ደግነቷን ይመሰክርላታል። ምስክሮቹ ቤትም ሳፋ ሞልቷል።