«አዳር ነው ሾርት?»

እኛ ሀገር ባልና ሚስት ያለ ምክንያት አብረው ከከተማ ከወጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሰርግ ካለ ደህና። ለቅሶ ከሆነማ ማን ይጠይቃል። ክርስትናም፣ ማኅበርም፣ ንግሥም ያስኬዳል። «እንዲሁ ሐይቅ እያየን አሳ በልተን ልንመለስ ነው» ካልክ ግን ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?» ይልሃል።

ባሕሩማ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን አብሮ ሄዷል። ስለዚህ የኛ የባሕር ዳርቻ ጉዞ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን መንገዱን ማንም አያማውም፤ ቢሾፍቱ፣ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታ፣ ሻላ እያለ ውሃው እየተቀባበለ ነው የሚያደርስህ። ልጆቹን አማቴ ጋ ጥለን (አማቴም «ምን ተፈጥሮ ነው?» ብላ ጠይቃ) ወጣን።

ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ለማየት መጀመሪያ ሜኑ ማየት ግድ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ሐይቅ ሞልቷል፤ ዳር ዳሩን ግን ሆቴልና ሪዞርት ይዞታል። ሁለት ማኪያቶ አዘን ውሃውን በቫት አየነው።

ሞጆ ስንደርስ ክርክር ተነሳ። ከሞጆ እስከ ባቱ የክፍያው ፈጣን መንገድ አለ፣ ለጥ ያለ ነው፣ እኔ በሱ እንሂድ አልኩ። ባለቤቴ በአሮጌው። ለምን? የመቂ ሽንኩርት! «ስንመለስ እንገዛለን» ብላት «ስንመለስ ይመሻል፣ አሁን ዋጋውን እንጠይቅ» አለችኝ። ዋጋ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ ኬሻ ሽንኩርት፣ አንድ ሳጥን ቲማቲም። ለእረፍት የተዘጋጀው የመኪናችን የኋላ ኮፈን ጠረኑ ወጥ ቤት ሆነ።

የሚገርመው ከሽንኩርቱ በኋላ ነው። አክስቷ ደወሉ። «የት ናችሁ ልጆቼ?» «መቂ ነን እትዬ፣ ሽንኩርት ልንገዛ ወጥተን።» «ውይ ጎበዞች! ታዲያ ለኔም እግረ መንገዳችሁን ያዙልኝ።» አለቀ። ጥርጣሬ የለ፣ «ተጣልታችሁ ነበር እንዴ» የለ። ባል ከሚስቱ ጋር ሁለት ቀን ልዝናና ቢል ቅብጠት ነው፤ ኬሻ ከጫነ ግን ትዳሩን የሚያከብር ሰው ነው። ወሬው ተሰማና ወንድሟ ከአርሲ ነጌሌ አረቄ አዘዘ፣ ጎረቤት ከሰል። ሁሉም «እግረ መንገዳችሁን»። እግርም መንገድም የቀረልን አይመስለኝም።

ሪዞርቱ ኪስ ስለሚያቃጥል ባቱ ላይ ፔንሲዮን ገባን። ግቢው ንጹሕ፣ በረንዳው አሪፍ። ሪሴፕሽኗ ቀና ሳትል፣

«አዳር ነው ሾርት?»

«የኔ እህት፣ ባልና ሚስት ነን» አለች ባለቤቴ።

ልጅቷ አሁን ቀና አለች። እኔን አየች፣ እሷን አየች፣ ቀለበቱን አየች። ይህን ዓይነት ነገር በቀን ስንቴ እንደምትሰማ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«እሺ። አዳር ነው ሾርት?»

ክፍሉ የታወቀው ክፍል ነው። ነብር ያለበት ብርድ ልብስ፣ ለሁለት ሰው አንድ ፎጣ፣ ኮርኒስ ሊነካ የደረሰ ቴሌቪዥን። አልጋው ሥር ሁለት ነጠላ ጫማ አለ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ፣ ሁለቱም የግራ። አጎበሩ ቀዳዳ ስለነበረው ባለቤቴ በፀጉር መያዣዋ ቋጠረችው። ሴት ልጅ ለእረፍት ወጥታም ቤት ታድሳለች።

ጠዋት ሪሴፕሽኗ በፈገግታ ተቀበለችን። «ይቅርታ፣ ለካ የምር ባልና ሚስት ናችሁ» አለች። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ «ግድግዳው ስስ ነው፤ ሌሊቱን ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ስታወሩ ሰማሁ።»

ላንጋኖን ቶሎ አለፍነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው በድፍረት ይዋኝበታል። እኔ እስከ ጉልበቴ ደፈርኩ።

ሀዋሳ ግን አሞራ ገደል መሄድ አለብህ። በጠዋት ጀልባው ይደርሳል፣ መረቡ ይራገፋል፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ይዘው፣ ክንፋቸውን ከኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ አድርገው፣ ጭንቅላትና ሆድቃው እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። አሳ ጥብስ በዳጣ አዘዝን፣ ሾርባው በብርጭቆ መጣ፣ ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ያላበኛል። ጎናችን የተቀመጡት ጥሬውን ነው የሚበሉት። ቀኑ ደግሞ አርብ ነው። አሳ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለው ክርክር አጠገባችን ጦፏል፤ «በፍጹም አይበላም» የሚሉት ሰውዬ ሁለተኛ ሳህን አዘው ነው የሚከራከሩት። ባለቤቴ እሾኩን እየለቀመች አጎረሰችኝ። ወዲያው ዞር ዞር ብላ ያየን ሰው እንደሌለ አረጋገጠች። አሥር ዓመት ያለፈው ትዳር እንደ አዲስ ፍቅር ተደብቆ ነው የሚጎራረሰው።

አዲስ አበባ ስንገባ ቤተሰቡ በር ላይ ጠበቀን፤ እኛን ሳይሆን ሽንኩርቱን። ተመዘነ፣ ተከፋፈለ፣ ከመርካቶ ዋጋ ጋር ተነጻጸረ። ነዳጁንና አልጋውን ማንም አልደመረው፣ እኛም አላስታወስንም። አማቴ ያተረፍን መስሏት ደስ አላት። «እንዲህ ከረከሰማ በሚቀጥለው ሁላችንም እንሂድ» አለች። እትዬ ተስማሙ፣ የሚስቴ ወንድም ሚኒባስ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ አለ፣ ጎረቤታችንም ከሰሉን ራሷ መርጣ መግዛት እንደምትፈልግ አስታወቀች። ጋቢናው ለአማቴ ተይዟል፤ ባለቤቴ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ናት።

እኔን የጨነቀኝ የባቱዋ ልጅ ናት። ሚኒባስ ሙሉ ሰው አስከትዬ በሯ ላይ ስቆም ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ።