አጥቢ እናትና የሌሊት ጸሎት

ስለ እናቶች ጸሎት የሚመክር አንድ ጽሑፍ «እናት ከቤተሰቡ አንድ ሰዓት ቀድማ ተነሥታ ትጸልይ» ይላል። አጥቢ እናት ሌሊቱን ስትነሣ ስትተኛ ነው የምታድረው፤ ሌላ ሰዓት ከየት ታምጣ? ቤተ ክርስቲያን ከሠራቻቸው ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት) አይደል እንዴ? እያጠባች ታድርሰዋ!

መጽሐፍ ልግለጥ ብላ መብራት ካበራች ሕፃኑ ይነቃል፤ የስልክ ብርሃንም ያው ነው። ስለዚህ በቃል የሚደርሰው ይሻላል፦ አባታችን ሆይ፣ ቀጥሎ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። መቁጠሪያ አያስፈልግም። በነፃው እጅ አውራ ጣት የአራቱን ጣቶች አንጓ መንካት ነው፤ አንዱ ዙር 12፣ ሦስቱ 36፣ 5 ሲጨመር ሞላ። እንቅልፍ ከጣላት ግን ቁጥሩ ይቅርና ሕፃኑን መኝታው ላይ ታስተኛው፤ ታቅፎ ማንቀላፋት አደገኛ ነው። የእመቤታችን ምስጋና የሆነው ውዳሴ ማርያም ደግሞ ለሰባቱ ዕለታት ስለተከፈለ የዕለቱን ብቻ ቀን ላይ፣ ሕፃኑ ሲተኛ ማድረስ ይቻላል።